በሁለት ጨዋዎች መካከል የምትወድቅ ኳስ

አሰልጣኝ የሆንኩበት የመጀመሪያ ቀን ጉድጓድ ስፈለፍል ነው የዋልኩት።

ላሊበላ ዳርቻ የተከፈተው ኮሌጃችን ገና አዲስ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ለዕቃ ግምጃ ቤት ነው። አንድ ማለዳ የኮሌጁ ዲን በሩ ላይ ቆሙና «መረብ ኳስ ትችላለህ ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

«ወታደር ቤት ሳለሁ ለክፍለ ጦሩ ተጫውቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አሰልጣኝ ነህ።»

«ግምጃ ቤቱስ?»

«እሱንም አትተወውም።»

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለ አንድ አፋፍ አሳዩኝና ሄዱ። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ልተክል ዶማና አካፋ ይዤ ወጣሁ። የእኛ አገር መሬት አንድ ክንድ ሳይቆፈር አለት ነው። የቀደሙት ሰዎች አለቱን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ እኔ ለሁለት ግንድ የሚሆን ጉድጓድ ለማውጣት ከግንባታ ክፍል መሮና መዶሻ ተውሼ እስኪመሽ ታገልኩ። ቤቴ ስገባ መዳፌ ቆስሎ ነበር። ልጄ ዝናሽ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። ውሃ ለብ አድርጋ እጄን አጠበችልኝ። ምን ሆነው ነው ብላ ግን አልጠየቀችም። ትልቅ ሰው ሳይጀምር ልጅ ወሬ አይጀምርም ብዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት።

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የአሰልጣኝነት ኮርስ የሚባል አልወሰድኩም። ሽፋኑ የተገነጠለ የመረብ ኳስ ሕግ መጽሐፍ አገኘሁ፤ እንግሊዝኛ ስለነበር በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩት። የወንዶች መረብ ከፍታ ሁለት ሜትር ከአርባ ሦስት፣ የሴቶች ሁለት ሜትር ከሃያ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱንም ግንዱ ላይ ሚስማር መትቼ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ «መረቡ ዛሬ ከፍ ብሏል» እያለ የሚያማርር ሰነፍ ሚስማሩን እያየ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሜዳው አፋፍ ላይ በመሆኑ ከመስመር የወጣች ኳስ ቁልቁል ገደል ትገባለች። መጨረሻ የነካት ሰው ወርዶ ያመጣታል አልኩ። ገደሉን ወርዶ መውጣት ከየትኛውም ምክር ይበልጥ እጅ ያስተካክላል። በሁለተኛው ዓመት ተማሪዎቹን ይዤ በአፋፉ ጠርዝ የድንጋይ ካብ ካብን። መስመሩን በአመድ እናሰምራለን። ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ልምምዱ በጠዋት ነው። በሁዳዴ ጾም ዝላይ እቀንስና ቅብብል አበዛለሁ፤ ያልበላን ሰው ማዝለል ግፍ ነው። የዘገየ ግን አይጫወትም፤ ጾምም ይሁን ፍስክ።

የወንዶቹ ቡድን ቶሎ ቆመ። የሴቶቹ ቡድን ነው ዕድሜዬን የበላው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ዝናሽ አድጋ እዚያው ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ልትማር ገባች። ከልጅነቷ ጀምሮ ካቡ ላይ ተቀምጣ ስታየን ስለኖረች እጇ የተማረ ነበር። ከማዶ የሚመጣን ሰርቭ፣ ጨዋታውን የሚከፍተውን ምት፣ በክንዷ ተቀብላ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ለልጄ ስል አላስገባኋትም፤ ከሁሉ የተሻለች ስለነበረች ነው። ሐሜቱን ፈርቼ ከሌሎቹ ይልቅ እሷን ገደል ያወረድኩበት ቀን ይበዛል።

በዚያው ዓመት ጥሩወርቅ የምትባል ሴት የሆቴል ሙያ ልትማር መጣች። ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ መሬቷን በራሷ የምታሳርስ ሴት ነች። ቁመቷ ከወንዶቹ የሚስተካከል ነው። ገና ኳስ ሳትነካ ትከሻዋን አይቼ «መጫወት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዬ? ልጆቼ ምን ይሉኛል?»

«ሲያዩሽ ያጨበጭባሉ።»

በመጀመሪያው ሳምንት የመታቻት ኳስ ካቡን አልፋ ገደል ገባች። ኳሷን የምታቀብላት የደላንታዋ ማሚት ነበረች፤ ከወገል ጤና የመጣች፣ ምላሷ ከእጇ የሚቀድም ልጅ። «እትዬ ጥሩ፣ ኳስ ነው እንጂ ጅብ አይደለም፤ ቀስ ይበሉ!» አለቻት። ያን ቀን ቡድን አለኝ ብዬ ተኛሁ።

አልነበረኝም። የኮሌጆች ውድድር ወልድያ ላይ ሲደረግ አንድም ጨዋታ ሳናሸንፍ ተመለስን። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። ጉልበት አላነሰንም፤ ዝላይ አላነሰንም። ችግሩ ይህ ነበር፦ ከኋላ መስመር ዝናሽና ጥሩወርቅ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሰርቩ በሁለቱ መካከል ሲመጣ ዝናሽ ትልቅ ቀድሜ አልነጥቅም ብላ ትቆማለች። ጥሩወርቅ ትልቅ ሰው ከልጅ እጅ አይነጥቅም ብላ ትቆማለች። ኳሷ መሬት ትወርዳለች። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው «ኧረ በሞቴ፣ የእርስዎ ነበረች»፣ «ኧረ የአንች ነበረች» ይባባላሉ። ገበታ ላይ የተጎራረሱ እንጂ ነጥብ የጣሉ አይመስሉም።

በሁለተኛው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ካሸነፉን ቡድኖች የአንዱ አሰልጣኝ መጥቶ ጨበጠኝ። ቀልደኛ ሰው ነው።

«ልጆችህ ጨዋ ናቸው። ወላጆቻቸው ይባረኩ። እኛም ሰርቩን የምንልከው እዚያው ጨዋነታቸው ላይ ነው።»

ከወላጆቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ስንመለስ ዲኑ አስጠሩኝ። የግንባታ ክፍሉ ግንብ መለማመጃ ቦታ አጥቶ ሜዳውን ጠይቋል። የወንዶቹ ቡድን በከተማው ሜዳ ሊለማመድ ይችላል፤ ሴቶቹን ግን ወላጆቻቸው በየማለዳው ከግቢ ውጭ አይለቋቸውም። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ።

«በሚመጣው ውድድር አንድ ጨዋታ አሸንፈው ይምጡ፤ አንድ ብቻ። ያለዚያ ሜዳው ይሄዳል፤ የሴቶቹም ቡድን ይቀራል።»

«ግንዱን የተከልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው አስቀድሜ የነገርኩህ።»

በሳምንቱ አሸዋ የጫነ መኪና መጥቶ ከሜዳው ጥግ ገለበጠ። በየማለዳው ሰውነታችንን ስናሟሙቅ አሸዋውን እያየን ነው።

መድኃኒቱ በሕግ መጽሐፉ ባይኖርም ማንኛውም ተጫዋች ያውቀዋል፦ ኳሷን የሚወስድ ሰው «ለኔ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው ዞር ይላል። ጩኹ አልኳቸው። ማሚት እስከ ገበያው ድረስ የሚሰማ ጩኸት አሰማች። ጥሩወርቅ ሳቀች። ዝናሽ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«አልሰማሁም!»

«ለኔ» አለች፤ በሹክሹክታ፣ እንደ ኑዛዜ።

ሜዳው ውስጥ በአመድ መስመር አስምሬ የእያንዳንዷን ቦታ ከፈልኩ። ይህኛው የዝናሽ፣ ይህኛው የጥሩወርቅ። ይባስ ብሎ ኳሷ መስመሩ ላይ ስትመጣ ሁለቱም ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ደርቀው ቆሙ። ማሚት ወገቧን ይዛ «ጋሼ፣ ይኸ እኮ ድንበር ሆነባቸው! ድንበር ገፍተው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቁሙልዎት?» አለችኝ። መስመሩን በእግሬ አጠፋሁት። ዝናሽን ገደል አወረድኳት፤ ወረደች፤ ኳሷን አመጣች፤ ዝም አለች። በጩኸት ዝምታን ላስወግድ ስጮኽ ከረምኩ።

በኅዳር የጥሩወርቅ ገብስ ደረሰ። ባል የሌላት ሴት እህል ሜዳ ላይ መቅረት የለበትም ብዬ ሁለቱንም ቡድን ይዤ ለደቦ ሄድኩ። ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ በታች ያለ በእርከን የተሰራ ማሳ ነው። አውድማው ከላይ፣ ማሳው ከታች። ወንዶቹ አጨዱ፤ ሴቶቹ ነዶ አሰሩ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ያልተጠበቀ ደመና ጠቆረ።

ሁሉም ማጭዱን ጣለ። ከእርከን እርከን ተደርድረን ነዶውን ሽቅብ እየወረወርን ወደ ክምሩ ማድረስ ጀመርን። ጥሩወርቅ ከታች ትወረውራለች፤ ከላይ ያሉት ይቀልባሉ። እኔ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ ስከምር አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«ለኔ! እትዬ፣ ለኔ! ማሚት ተይው፣ ለኔ ነው!»

አንገቴን አውጥቼ አየሁ። ዝናሽ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ በክርኗ ማሚትን ገፋ አድርጋ፣ ትልቅ ትንሽ ሳትል የመጣውን ነዶ ሁሉ በጥሪ ትቀልባለች። ጥሩወርቅም ያለ አንዳች ማመንታት ወደ ጮኸው ትወረውራለች። ማንም አልተቀየመም። ዝናቡ ሲወርድ የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ነበር።

ሁላችንም ዛፍ ስር ተጠልለን ሳለ ዝናሽን ጠየቅኋት። «አሁን ጮኸሻል። ሜዳ ላይ ምን ያዘሽ?»

አቀርቅራ «አባባ፣ ነዶ ሲወድቅ ፍሬው ይረግፋላ» አለች። «ደቦ ላይ ዝም ያለ ሰው እህል ያስረግፋል። ነውሩ እሱ ነው። ኳስ ግን አይረግፍም።»

ጥሩወርቅ በዝናብ የራሰ ፊቷን እየጠረገች «ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ኳሱ ቢወድቅ የማን ልጅ ይራባል?» አለች።

በማግስቱ ጥሩወርቅን ለምኜ ያልተወቃ ነዶ ወደ ሜዳው አስመጣሁ። ኳሷን ግምጃ ቤት ቆለፍኩባት። በመረቡ ላይ የምወረውርላቸው ነዶ ሆነ። የተቀለበው ይቀመጣል። መሬት የወደቀውን ግን መካከሉ ላይ የቆሙት ሁለቱ ተንበርክከው ፍሬውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ የጥሩወርቅ ጉሮሮ ነውና አንዲት ፍሬ አትቀርም። የአካባቢው ዶሮ ሁሉ ሜዳችንን አወቀ። ማሚት ስትለቅም «ጋሼ፣ ዶሮዎቹንም ቡድን ውስጥ ይመዝግቧቸው፤ ከእኛ ይፈጥናሉ» ትላለች። ዲኑ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ ቆመው አዩንና «ኮሌጅ ነው አውድማ?» አሉ። «እስከ ውድድሩ አውድማ ነው» አልኳቸው።

መልቀሙ እያነሰ፣ ጩኸቱ እየበዛ መጣ። ነዶውን መልሼ ኳሷን ስሰጣቸውም ጩኸቱ አልጠፋም። ግን አንድ ነገር አላስተዋልኩም ነበር። ስወረውር የምቆመው ከመረቡ ማዶ ነው፤ ነዶው ይሸፍነኛል፤ በኳስ ሲጫወቱም ያየኋቸው ከጀርባቸው ሆኜ ነው። ዝናሽ የምትጮኸው ፊቴ በማይታይበት ጊዜ ነበር።

ወልድያ ላይ ያንን ከጎን መስመር ቆሜ አየሁት። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን፤ ሁለተኛውንም። የቀረን አንድ ነው፤ እሱም ከዚያ ቀልደኛ አሰልጣኝ ቡድን ጋር። አንዱን ዙር እነሱ ወሰዱ፤ አንዱን በጥሩወርቅ ክንድ እኛ አገኘን። ሦስተኛው ዙር ወሳኙ ነው። በሰርቭ መካከላችንን መቱ፤ ኳሷ ወደቀች። ደግመው መቱ፤ ወደቀች። ዝናሽ አፏን ከፍታ ነበር፤ እኔን አየችና ዘጋችው።

እረፍት ጠየቅኩ። ተሰበሰቡ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅቱ እርስዎን እያየች ድምጿን ትውጣለች። ዞር ይበሉልን።»

«ምን?»

«ፊትዎን ያዙሩልን። ጀርባዎን ይስጡን።»

«አሰልጣኝ ለቡድኑ ጀርባውን አይሰጥም።»

«ሳይሰጡ ሁለት ዓመት ተሸንፈናል» አለች ጥሩወርቅ፤ በትሕትና።

ዝናሽ መሬት መሬት ታያለች። አላስተባበለችም። በዓመቱ ሁሉ የሰጠኋት ትምህርት፣ እቤት ያሳደግኩበት ደንብ፣ የአሸዋው ክምር፣ ሁሉም በፊቴ መጣ። ልጄን በሰው ፊት ጨዋ አድርጌ አሳድጌያታለሁ፤ አሁንም አልጸጸትም። ነገር ግን ከኳሱ ይልቅ እኔን እያየች እንደሆነ ሳየው ክርክር አላስፈለገኝም። ዞር አልኩ።

ዳኛው ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። «አሰልጣኝ፣ ተቃውሞ ነው?»

«አይደለም። ጆሮዬ ይበቃኛል።»

ፊቴ ወደ አጥሩ ነው። ከአጥሩ ማዶ አንድ ባላገር ዱላውን ተደግፎ ቆሎ እየቃመ ያያል። ጨዋታውን ከሰውዬው ፊት ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ሰርቭ ሲመታ ድምፁ ስል ነው። የሰውዬው ዓይን ወደ እኛ በኩል መጣ።

«ለኔ!»

የዝናሽ ድምፅ ነው። ያ የአውድማው ድምፅ። ቀጥሎ ክንድ ላይ ያረፈ ኳስ ድብ የሚል ድምፅ። ቀጥሎ ዝምታ፤ ማሚት አንስታዋለች ማለት ነው። ቀጥሎ እንጨት እንደሚፈልጥ መጥረቢያ ያለ ድምፅ፤ ጥሩወርቅ። ሰውዬው መቃም አቆመ።

«ለኔ!» እንደገና። «ለኔ! እትዬ ይተዉት!» ሰው ሲጋጭ ሰማሁ፤ ሲሳሳቁም ሰማሁ። ሰውዬው ቆሎውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ዱላውን ጣለ። አንድ ጊዜ ፊቱ ተጨማደደ። ደግሞ ፈካ። ዞሬ ለማየት የነበረኝን ፍላጎት በጥርሴ ይዣለሁ።

በመጨረሻ ሰውዬው በሁለት እጁ አጥሩን ይዞ ወደ እኔ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ልጆችህ አሸነፉ እኮ! እኔን ምን ታየኛለህ? ዙር እንጂ!»

ዞርኩ። እየተቃቀፉ ነበር። ቀልደኛው አሰልጣኝ መጥቶ ጨበጠኝና «ያን ጨዋነት የት ጣላችሁት?» አለኝ። «አልጣልነውም። አውድማ ላይ ወቃነው» አልኩት። ዝናሽ ወደ እኔ መጥታ፣ እንደ ልማዷ አቀርቅራ፣

«አባባ፣ ይቅርታ። ጮህኩ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት። እጇን ይዤ እስከ አውቶቡሱ ሄድኩ።

በሳምንቱ አሸዋው ተጭኖ ከግቢው ኋላ ወዳለ ጥግ ሄደ። ዲኑ ራሳቸው መጥተው ሲጫን ቆመው አዩ። የግንባታ ተማሪዎች እዚያ ግንብ መገንባት ተለማመዱ፤ የመጀመሪያ ግንባቸውም ለእኛ የተመልካች መቀመጫ ሆነ። ጥሩወርቅ ተመርቃ ሆቴል ገባች። ማሚት ወደ አገሯ ሄዳ አስተማሪ ሆነች። ተማሪዎቿን በምላሷ እንደምታስተምር አልጠራጠርም።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። አሁን ሴቶቹን የምታሰለጥነው ዝናሽ ናት። ግንዶቹ በብረት ተተክተዋል፤ ጉድጓዶቹ ግን የኔ ናቸው። አንዳንድ ማለዳ ግንቡ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት በሁለት አዲስ ተማሪዎች መካከል ኳስ ወደቀች። አንዷ የአንዷን ፊት እያየች ቆመች። እኔ ካለሁበት ብድግ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ዝናሽ ወደ እኔ ሳትዞር እጇን አነሳች።

«አባባ፣ ይህ ለኔ!»

ተቀመጥኩ።

ለወጣት አሰልጣኞች የምተወው ይህንኑ ነው። ኳስ በሰነፎች መካከል ብቻ አትወድቅም፤ በጨዋዎች መካከልም ትወድቃለች። የሚወስዳት ሰው አስቀድሞ ድምፁን ያሰማ። አሰልጣኙም የተጫዋቹን ድምፅ የሚያስውጠው እሱ ራሱ እንደሆነ ካየ ዞር ይበል።